ገመድና አሮጌ ጨርቅ

በዕለተ ኖላዊ ለእናቶችና ለወጣቶች ጉባኤ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ ሳታርፉ የመጣችሁ ልጆቼም ሁሉ፣ እንኳን ለዕለተ ኖላዊ በሰላም አደረሳችሁ! መምህራን ባሉበት ጉባኤ እኔ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ 34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ እናት ነኝ። የቆምኩትም ቃሉን ልተረጉም ሳይሆን ቃሉ በሕይወቴ ያደረገውን ልመሰክር ነው።

ኖላዊ ማለት እረኛ ማለት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ብላ ስትሰይማቸው፣ ነቢያት የጠበቁት ጌታ ሰባኪ፣ ብርሃንና እረኛ ሆኖ እንደሚመጣ ልታስተምረን ነው። ዛሬ ጠዋት ዲያቆኑ «ኖላዊሆሙ ለእስራኤል አጽምዕ» ብሎ ሲሰብክ ሰምታችኋል። የእስራኤል እረኛ ሆይ፣ አድምጥ ማለት ነው። እስቲ ቃሉን አስተውሉት። «እረኛችን ሆይ፣ እናመሰግንሃለን» አላለም፤ «አድምጥ» ነው ያለው። ይህ መዝሙር የተዘመረው ሁሉ ነገር በተሟላበት ቤት ውስጥ አይደለም። ጥቂት ዝቅ ስትሉ ይኸው ዘማሪ የእንባ እንጀራ እንደ በላ ሲናገር ታገኙታላችሁ። ታዲያ እንባ እየበላ «እረኛዬ» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል? ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገርበት የፈለግሁት ይህንን ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ የሚጠብቀን እንደማይተኛ፤ ሁለተኛ፣ ጥበቃው በምን መልክ ወደ እኛ እንደሚደርስ፣ በዚህኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ሦስተኛ ደግሞ እግዚአብሔርን መታመንና እግዚአብሔርን መፈታተን የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ።

በመጀመሪያው ልነሣ። ሰውን ነቅቶ መጠበቅ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ፣ የሌሊት ተራ ገብቶ ያደረ ሰው ያውቀዋል። በ1979 ዓ.ም. ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለሁ በጎጃም በአንዲት ከተማ ሆስፒታል እሠራ ነበር። የጄኔሬተሩ መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ በሽተኛውን የምናየው በፋኖስ ነው። አንድ ሌሊት የተራ ጓደኛዬ ታማ ብቻዬን ቀረሁ። ከተኙት ሕመምተኞች መካከል ተቅማጥ ክፉኛ ያደከመው የ4 ዓመት ሕፃን ነበረ፤ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል፤ እኔም ጠብታውን እየቆጠርኩ ላነጋ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሳላውቀው እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት አንዲት አሮጊት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ነው። የሕፃኑ አያት ነበሩ። «ልጄ፣ ተነሺ፤ ውኃው ሊያልቅ ነው» አሉኝ። ደንግጬ ተነሣሁና ጠርሙሱን ቀየርኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንዲህ አሉኝ፦ «ሰው አይደለሽ፣ ይደክምሻል። እኔም እኮ ቅድም ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ሁለታችንም ስንተኛ ልጁን የጠበቀው ማን ይመስልሻል?»

ሕፃኑ በስድስተኛው ቀን የአያቱን ነጠላ ይዞ በእግሩ ወጣ። እኔ ግን የእርሳቸውን ጥያቄ ይዤ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በተራዬ ተኝቼ አላውቅም፤ ጥበቃው የእግዚአብሔር ነው ብዬም ጠብታ መቁጠሬን አልተውኩም። ነገር ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ስቆም፣ ከእኔ በፊት የቆመ እንዳለ እያወቅሁ ነው የቆምኩት።

በዳዊት መዝሙር 120 ላይ እስራኤልን የሚጠብቅ «ኢይዴቅስ ወኢይነውም» ተብሎ ተጽፏል፤ አያንቀላፋም፣ አይተኛም። መዝሙሩ 8 ቁጥር ብቻ ነው፤ በእነዚህ ውስጥ መጠበቅ የሚለው ቃል 6 ጊዜ ይመላለሳል። ለምን ይህን ያህል ደጋገመው? የሚፈራ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮት ስለማይረጋጋ ይመስለኛል። ሌሊት ነቅቶ የሚያለቅስ ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች ይህን ታውቃላችሁ፤ «አለሁ፣ እናትህ አለሁ፣ አለሁልህ» እያላችሁ ስንት ጊዜ ደጋግማችኋል! የመዝሙሩም መጨረሻ መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል የሚል ነው። ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ሳይሆን ስለ መውጣትና መግባት ይናገራል፤ ታክሲ ለመያዝ መውጣት፣ ውኃ ለመቅዳት መውጣት፣ ትምህርት ቤት ውሎ መግባት።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን እምነት በየዕለቱ እንናገረዋለን፤ ምንኛ ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ግን አናስተውለውም። ጎረቤታችን «እንደምን አደርሽ?» ስትለን ምን እንመልሳለን? «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ስለ እኛ ስትጠይቀን ስለ እርሱ እንመልሳለን፤ ሌሊቱን ያሳለፈን እርሱ ነውና። ልጃችን ከቤት ሲወጣ «በሰላም ያግባህ» እንላለን። ልጅ ሲወለድ ደግሞ «አለልኝ» ብለን ስም እናወጣለን። ይህ ከአያቶቻችን ወደ እኛ የወረደ ምስክርነት ነው፤ እባካችሁ፣ በልማድ ብቻ አንበለው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ጥበቃው እንዴት ነው የሚደርሰን? ብዙዎቻችን የእግዚአብሔር ጥበቃ ማለት ጉድጓድ ውስጥ አለመግባት ይመስለናል። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ የገባን ዕለት ጠባቂያችን የተወን መስሎን እንታወካለን። እስቲ ነቢዩ ኤርምያስን እንየው።

ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባለች፤ ሴዴቅያስ ነግሧል፤ እንጀራ ከከተማይቱ እየጠፋ ነው። ኤርምያስ እግዚአብሔር ያዘዘውን ቃል ስለ ተናገረ አለቆቹ ጠሉት፤ በግዞት ቤት አደባባይ ወዳለ ጉድጓድም በገመድ አወረዱት። ጉድጓዱ ጭቃ እንጂ ውኃ አልነበረበትም፤ ኤርምያስም ወደ ጭቃው ሰጠመ። እግዚአብሔር ኤርምያስን ገና ሲጠራው «ከአንተ ጋር ነኝ» ብሎት ነበር። በማኅፀን ሳይሠራው አውቆታል፣ ከማኅፀንም ሳይወጣ ቀድሶታል። ታዲያ ያ ሁሉ ተስፋ ጭቃው ውስጥ ወዴት ገባ? ይህን ጥያቄ በልባችሁ ጠይቃችሁት አታውቁም? እኔ ጠይቄዋለሁ።

መልሱ በአንድ ሰው እግር እየሄደ ነበር። በንጉሡ ቤት የሚያገለግል አቤሜሌክ የሚባል ሰው ነበረ። ነቢዩ ከየት አገር እንደ መጣ ሳይጽፍ አላለፈም፤ ኢትዮጵያዊ ነበር። እንግዳ ነው፣ ባዕድ ነው፣ በዚያች ከተማ ወገን የለውም። የሰማውን ሰምቶ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። እርሱ ግን ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ፣ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ክፉ አድርገዋል፤ በራብ ይሞታል ብሎ ተናገረ። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው ፈቀደለት።

አሁን የምነግራችሁን በጥሞና አድምጡኝ። አቤሜሌክ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም። አስቀድሞ ከቤተ መዛግብቱ በታች ወዳለው ክፍል ገባ፤ ከዚያም አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰብስቦ ወሰደ። በገመድም ወደ ኤርምያስ አወረደለትና፣ ጨርቁን በብብትህ ከገመዱ በታች አድርግ አለው። እንግዲህ አስቡት። ሰውዬው በጭቃና በራብ ሊሞት ነው፤ ከተማው በጦር ተከብቧል፤ አለቆቹ ቢያዩ አቤሜሌክንም ይጥሉታል። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል፣ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው ተጨነቀ! ብዙ በሽተኛ ከአልጋ ወደ አልጋ ያዛወርሁ ሰው ነኝና፣ ይህን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። ሰውን ከሞት ማትረፍ አንድ ነገር ነው፤ ሲያተርፉት እንዳያመው ማሰብ ደግሞ ሌላ ነው። የእግዚአብሔር ጥበቃ ሁለቱም አለው፤ ገመዱም አለው፣ ጨርቁም አለው።

እኔም ይህን ጨርቅ በሕይወቴ አይቼዋለሁ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ነበርንበት ሲደርስ መንገድ ተዘጋ፤ ደመወዝ ለ3 ወር አልደረሰንም። ባለቤቴ ሌላ አገር በሥራ ላይ ነበረና ያለበትን አላውቅም፤ እኔ አራስ ልጅ ታቅፌያለሁ። ዱቄቴ ያለቀ ዕለት ማታ፣ ጠላ ጠምቃ የምትኖር ጎረቤቴ ሁለት እንጀራ በጨርቅ ሸፍና መጣች። «ልጆቹ ጠግበው የተረፈ ነው፤ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፤ ምናለ ብትበይልኝ» አለችኝ። በማግሥቱም መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን መጣች። ዘወትር የምትለው «የተረፈ ነው» ነበር። ከዓመታት በኋላ ልጇ አድጋ ስታጫውተኝ፣ በዚያ ወራት እናታቸው የምታቀርብላቸው ገበታ በጣም ትንሽ እንደ ነበረ ነገረችኝ። ከጠገቡ ልጆች የተረፈ እንጀራ አልነበረም፤ ከተራቡ ልጆች የተቀነሰ ነበር። እኔ እንዳላፍር «የተረፈ» አለችኝ። እንጀራው ገመዱ ነበር፤ «የተረፈ ነው» የሚለው ቃሏ ደግሞ በብብቴ ሥር ያደረገችልኝ ጨርቅ ነበር።

ያን ጊዜ እኔ የምጸልየው የባለቤቴ ደብዳቤ እንዲመጣ፣ ደመወዜ እንዲደርስ ነበር። እነርሱ ቶሎ አልመጡም። «ጌታ ሆይ፣ ዝም አልከኝ» እያልኩ ሳለቅስ፣ መልሱ በየማታው በሬን ያንኳኳ ነበር። እህቶቼ፣ ስንቶቻችን ነን የሚያንኳኳውን ትተን ያልመጣውን የምንጠብቅ?

ደግሞም ኤርምያስ ከጉድጓዱ ሲወጣ ወደ ቤቱ አልሄደም። ኢየሩሳሌም እስክትያዝ ድረስ በግዞት ቤቱ አደባባይ ተቀመጠ። ከጭቃ ወደ እስር ቤት ግቢ ነው የወጣው፤ ንጉሡ ቀድሞ ያዘዘለትም በቀን አንድ እንጀራ ነበር፣ እርሱም እንጀራ ከከተማው እስኪያልቅ ድረስ። አንዳንድ ጊዜ እግዚአብሔር የሚያወጣን አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ካንሰሩ አልጠፋም፣ ሕመሙ ግን ታገሠ። ልጅ ከእስር አልወጣም፣ ያለበት ግን ታወቀ። ይህን እንደ ጥበቃ ለመቁጠር ዓይን ያስፈልጋል። ያቺን አንዷን ደረጃ «ምን አላት» ብለን የናቅናት እንደ ሆነ፣ የሚቀጥለውን ገመድ የምንይዝበት ልብ ከየት ይመጣል?

አቤሜሌክስ ምን ሆነ? እግዚአብሔር ኤርምያስ ገና በግዞት ሳለ ወደ እርሱ ቃል ላከለት። ከተማይቱ ስትጠፋ በፈራሃቸው ሰዎች እጅ አልሰጥህም፤ በእኔ ታምነሃልና ነፍስህ ትድናለች የሚል ነው ቃሉ። «በፈራሃቸው» ይላል፤ እንግዲህ አቤሜሌክ ይፈራ ነበር! እየፈራ ነው ወደ ንጉሡ የሄደው፤ እየፈራ ነው ጨርቁን የሰበሰበው፤ እግዚአብሔርም ያንን መታመን ብሎ ጠራው። ፍርሃት ስለሚሰማችሁ እምነት የሌላችሁ የሚመስላችሁ ልጆቼ፣ ይህን ቃል ያዙት።

በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ደግሞ የታሪኩን ቀሪ እናገኛለን። ከተማይቱ ከመያዟ በፊት ኤርምያስ አቤሜሌክን ለድውያን በለስ ያመጣ ዘንድ ላከው። እርሱም በለሱን ለቅሞ ሲመለስ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ጋደም አለ፤ 66 ዓመትም ተኛ። የኢየሩሳሌምን ጥፋት አላየም። ሲነቃም በሙዳዩ ውስጥ ያለው በለስ ገና አሁን እንደ ተለቀመ ወተቱ ይንጠባጠብ ነበር። ነቅቶ ነቢዩን የጠበቀው ሰው፣ በተራው ተኝቶ ተጠበቀ። ለበሽተኞች የያዘው በለስ እንኳ አልጠወለገም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ የጎጃም አሮጊት ትዝ ይሉኛል።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልበለው። መታመን መፈታተን አይደለም። «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» እያልን በየቤታችን የምንደግመውን መዝሙር 90፣ መላእክቱ በእጃቸው ያነሡሃል የሚለውን ቃል፣ ሰይጣን በመቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞ ለጌታችን ጠቅሶለታል። ጌታችን ቃሉ ሐሰት ነው አላለም፤ ግን ራሱን አልወረወረም። እኔ በሥራዬ ዘመን ያዘንኩበት ነገር ይህ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር መወሰድ አለበት። በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲቀልልለት «እግዚአብሔር ፈውሶኛል» ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠ ወጣት አውቃለሁ፤ በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ሲመለስ እኔው ነኝ የተቀበልኩት። ልጄ ሆይ፣ መድኃኒቱም እኮ ገመድ ነው! ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አቤሜሌክ ገመድ ሲያወርድለት ኤርምያስ «እግዚአብሔር ራሱ ያውጣኝ» አላለም፤ ጨርቁን በብብቱ አደረገ፣ ገመዱንም ያዘ።

ሦስት ነገር ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሳልናገር ብቀመጥ ሐቀኛ የማልሆንበት ነገር አለ። ገመዱ ያልወረደላቸውስ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። በዚያው ምዕራፍ ጴጥሮስን አሰረው፤ መልአክ መጥቶ ሰንሰለቱን ፈታለት። ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው፤ ሁለቱም ደብረ ታቦር ላይ ነበሩ። ለምን አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተፈታ? መጽሐፉ አይነግረንም፤ እኔም አልነግራችሁም። ባለፈው ሳምንት የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ስናከብር የሰማናቸው ሠለስቱ ደቂቅ፣ ሦስቱ ወጣቶች፣ በንጉሡ በናቡከደነፆር የእሳት እቶን ፊት ቆመው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም ብለዋል። «ባያድነንም» ያሉት እሳቱ ከመብረዱ በፊት ነው።

ታናሽ ወንድሜ በ1977 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ሄደ። ከአሥመራ አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። የሞቱን መርዶ ያረዳን የለም፤ በሕይወት አለ ያለንም የለም። እናታችን ማታ ማታ መወርወሪያውን ከመዝጋቷ በፊት በራፉ ላይ ቆማ የልጆቿን ስም አንድ በአንድ መጥራት ልማዷ ነበር፤ ሁላችንም መግባታችንን የምታረጋግጠው እንዲያ ነው። እርሱ ከጠፋ በኋላም ስሙን መጥራቷን አልተወችም። መጨረሻ ላይ ስሙን ትጠራለች፣ ጥቂት ዝም ትላለች፣ ከዚያ በሩን ትዘጋለች። እኔ እየከበደኝ አንድ ቀን «እማዬ፣ ለምን ራስሽን ታደሚያለሽ?» አልኳት። «ልጄ፣ እየደማሁ አይደለም፤ አደራ እየሰጠሁ ነው። እኔ የማልደርስበት ቦታ ላይ እርሱ አለ። ስሙን ሳልጠራ ከተኛሁ እንቅልፍ እንቢ ይለኛል፤ ከጠራሁ ግን አደራዬን አስረክቤ እተኛለሁ» አለችኝ። በ1996 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ አንድም ማታ አላጓደለችም።

እናቶቼ፣ በዚህ ጉባኤ ልጆቻችሁ በቤሩት፣ በሪያድና በዱባይ በሰው ቤት ያሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስልክ ከደወሉ ወራት የሆናቸው ልጆች አሉ። በየጦርነቱ የወጡ አሉ፤ በባሕር የሄዱ አሉ። እኔም ሁለተኛዋ ልጄ በዚያው ባሕር ማዶ ናት፤ ማታ በሬን ስዘጋ እንደ እናቴ ስሟን እጠራለሁ።

አሁን እንነሣ። አባታችን ጸሎቱን ከማሳረጋቸው በፊት፣ ዛሬ ማታ በቤታችን የማይገባውን ሰው ስም እያንዳንዳችን በልባችን እንጥራ። አንቸኩል፤ ዝምታው ይርዘም። ከዚያ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።